ያልተጠየቀ ስም

ጊዮርጊስ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። የትኛው ገዳም ሴት ያስገባል፣ የትኛው አያስገባም፣ የየትኛው ታቦት መቼ ይነግሣል፣ የትኛው ዳርቻ ድንጋይ አለበት፣ የትኛው ደሴት ላይ ማን መነኮሰ፤ አርባ ዓመት ጀልባ ነድቶ ያልያዘው ስም አልነበረም። ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ሰው ሲቸግረው «ጋሽ ጊዮርጊስን ጠይቁት» ነበር የሚባለው። ይህ ሰው ታዲያ የገዛ ሚስቱን የክርስትና ስም አያውቅም ነበር።

ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። በዕድሜው «እሳቸው» ሊባል ይገባ ነበር። ግን ይህን ነገር አውርተን እስክንጨርስ «እሱ» ብንለው አይቀየመንም። ከመስከረም ሃያ ዘጠኝ ወዲህ ራሱም ክብር የሚገባው ሰው አይመስለውም።

መስከረም ሃያ ዘጠኝ ሚስቱ ፀሐይወርቅ የሞተችበት ቀን ነው። ፀሐይወርቅ ጧፍ ሠሪ ነበረች። ጥጡን ራሷ ትፈትላለች፣ ክሩን ደርባ ትገምዳለች፣ በቀለጠ ሰም እየነከረች ታወጣዋለች፣ ከዚያ ሳንቃ ላይ በመዳፏ እያንከባለለች ታስተካክለዋለች። ሃምሳ ዓመት ከትኩስ ሰም ጋር የኖረ ጣት አሻራ የለውም። አዲሱን መታወቂያ ልታወጣ በሄደች ጊዜ ማሽኑ ጣቷን እምቢ ብሎ ሦስት ቀን አመላልሷታል። እሷ ግን «ድሮስ እኔን ማን ያውቀኛል!» ብላ ሳቀች። ጊዮርጊስም አብሯት ስቆ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ሰሙን ጥዳ «ደረቴን ያዝ አደረገኝ» አለች። «ትንሽ ጋደም በይ» አላት። ጋደም አለች። ባጃጁ ተጠርቶ እስኪመጣ እንኳ አልቆየችም። በማግስቱ ከቀብር ሲመለሱ ሰሙ ከነክሩ ብረት ድስቱ ውስጥ ደርቆ አገኙት፤ እስከ ዛሬም የነካው የለም።

ነገሩ የተበላሸው ቀብሩ ላይ ነው። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ ደረሰ ቄስ ቃለ ሕይወት ጠጋ ብለው «የክርስትና ስማቸውን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ። ሰው በዓለም ስሙ ገበያ ይጠራል፣ በክርስትና ስሙ ደግሞ እግዜር ይጠራዋል፤ ፍትሐቱ የሚደረሰው፣ ምሕረት የሚለመነው በዚያ ስም ነው። ያለዚያ ስም ጸሎቱ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው። የነፍስ አባቷ በሕይወት ቢኖሩ ማንም ባልተጠየቀ። አባ ግን ዓምና ኅዳር ላይ አርፈዋል፤ ቄስ ቃለ ሕይወት ለደብሩ አዲስ ናቸው። ልጃቸው እናትዓለም ሴቶች ደግፈው ይዘዋት ራሷን አታውቅም። ሰው ሁሉ ወደ ባልየው ዞረ። ሃምሳ ዓመት አንድ ትራስ የተንተራሰ ሰው፣ አገር የሚያከብረው ሰው! «አላውቅም» ሊል አፉን ከፈተ። አፈረ።

«ወለተ ኪዳን» አለ።

ወለተ ኪዳን የእናቱ የክርስትና ስም ነው። በዚህ ዓለም የሚያውቀው የሴት የክርስትና ስም እሱ ብቻ ስለ ነበር አፉ ላይ መጣለት። ቄሱ ተቀበሉት፣ ፍትሐቱ ተጀመረ፣ ፀሐይወርቅ በአማቷ ስም ተቀበረች።

ባል እንዴት የሚስቱን ስም አያውቅም ትሉ ይሆናል፤ አይፈረድባችሁም። በቁርባን የተጋባ ያውቃል፤ ካህኑ ሁለቱንም በክርስትና ስማቸው እየጠራ ነው የሚያቆርባቸው። እነሱ ግን የተጋቡት በሰማንያ ነው፣ በሽማግሌና በውል። ቁርባኑ ቀስ ብሎ ይደርሳል ተባለና ቀረ።

እሷ ሳትጠይቀው ቀርታ አይደለም። መጀመሪያ የጠየቀችው ልጃቸው ኪዲ በሞተ በዓመቱ ነው። ኪዲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ገብቶ ጣና በላው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሲሳሳቁ ነው የሰጠመው። አባቱ በገዛ ጀልባው ሁለት ቀን ፈልጎ አወጣው። ከተዝካሩ በኋላ ፀሐይወርቅ «ጊዮርጊስ፣ እንግዲህ እንቁረብ» አለችው። «ቁርባን እሳት ነው፤ እኔ ገና ነኝ» አላት። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያኔ ጠጁንም ይወድ ነበር፤ ቁንዝላም ላይ ጀልባው ባደረ ቁጥር የሚያርፍባት ቤት ነበረችው። ይህንን ፀሐይወርቅ ታውቅ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች።

ሁለተኛ የጠየቀችው ዓይኑ ደክሞ ጀልባውን የተወ ጊዜ ነው። «እስቲ መጀመሪያ ልረፍበት» አላት። ሦስተኛው ከካቻምና በፊት በነበረው ፍልሰታ ነበር። ነጠላውን አጥባ አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችና «አባ ደክመዋል። እሳቸው እያሉ እንቁረብ፣ እባክህ» አለችው። «ለጥምቀት» አላት። ጥምቀትም መጣ፣ ሄደ፤ ቀጠሮውን እሱ አላነሳው። በዓመቱ ኅዳር ላይ አባ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይወርቅ ስለ ቁርባን አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። እሱ ደግሞ ተገላገልሁ ብሎ ተኛ። አይ ሰው!

ሣልስቱ በወለተ ኪዳን ስም ሆነ። ሰባቱም፣ አሥራ ሁለቱም፣ ሠላሳውም። «ነፍሰ አመትከ ወለተ ኪዳን»፣ የባሪያህ የወለተ ኪዳን ነፍስ፣ በተባለ ቁጥር ጊዮርጊስ ላይ ጅራፍ ያርፋል። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ የእናቱ ጠባይ ነው። በሕይወት ሳሉ ፀሐይወርቅን አላስቀመጧትም፤ ወጧ ቀጠነ፣ ሳቋ በዛ፣ ዘመድ የላትም ሲሉ ነው የኖሩት። አሁን ደግሞ ፍትሐቷን ወሰዱባት። «እማዬ፣ ይኼንንም?» ይላል ብቻውን። ሰው ኀዘን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ትልልቆቹ ነፍስ አርባ ቀን እስኪሞላት ማደሪያዋ አይታወቅም ይላሉ። ጊዮርጊስ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ አሁን ግን ያየው ጀመር። ፀሐይወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ አንድ ደጅ ላይ ቆማለች፣ ከውስጥ ስም ይጠራል፣ የተጠራው የእሷ አይደለም፣ እሷም ሰው አላስቸግርም ብላ ወደ ዳር ፈቀቅ ትላለች። እሷ ደግሞ እንዲያ ናት፤ ወረፋ ላይ እንኳ ለሌላው ስትለቅ ነው የኖረችው። ይህ ሐሳብ ምግብ ነሳው።

ሠላሳው ዕለት የእናትዓለም ልጅ ርሆቦት አጠገቡ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ በአያቷ እጅ ነው ያደገችው፣ ጧፍ ማንከባለልም ከእሷ ለምዳለች።

«አባባ፣ ወለተ ኪዳን የሚለውን ስም ከእማማ አፍ ሰምቼው አላውቅም እኮ» አለችው።

«አንቺ ያልሰማሽው ብዙ ነገር አለ» ብሎ ተቆጣት። ልጅቱ ደነገጠች። ተቆጥቷት አያውቅም ነበር።

በማግስቱ እናትዓለም አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ለአርባው መቃብሩ ላይ የሚቆመው የእብነ በረድ ጽሑፍ ነው። ፎቶዋ ከላይ፣ ከሥሩ «ወይዘሮ ፀሐይወርቅ»፣ ከዚያ በትልቁ «የክርስትና ስም ወለተ ኪዳን»። «ይመልከቱት አባዬ፤ ስሕተት ካለው ዛሬውኑ ልንገራቸው» አለችው። መነጽሩን አድርጎ አየው። ፀሐይወርቅ ከፎቶው ቀና ብላ ታየዋለች።

«ጥሩ ነው» አለ።

እናንተዬ፣ ያኔ እንኳ ቢናገር! ልጁ ናት፤ ብትጮህ ትጮህበት ነበር፣ ብታለቅስ ታለቅስ ነበር፣ ያልፋል። እሱ ግን አንዴ ዋሽቷልና ውሸቱን ሸፍኖ እውነቱን በጓሮ በር ሊያስገባ አሰበ። ስሙን ከአርባው በፊት አገኘዋለሁ፣ ለቄሱ በጆሯቸው ሹክ እላለሁ፣ ድንጋዩንም የቀራጩ ስሕተት ነው ብዬ አስቀይራለሁ አለ። ይኸው ነው የጊዮርጊስ ዘዴ።

ስሙን ማን ያውቃል? እናትዓለም ብታውቀው ወረቀቱ ላይ ታስተካክለው ነበር። የፀሐይወርቅ እናት ሲወልዷት ነው የሞቱት፤ አባቷም ከሞቱ ቆይቷል። አንድ ነገር ግን ትዝ አለው። በየዓመቱ ለመስቀል ሰባት ጧፍ በጨርቅ ጠቅልላ «ለክርስትና እናቴ ለቆላ ድባ አድርስልኝ» ትለው ነበር። እሱም ለጎርጎራ ጀልባ ሰዎች ይሰጣል፣ እነሱ ያደርሳሉ። ክርስትና እናቷ እማሆይ አንጓች ናቸው። ፀሐይወርቅ ኪዲ ከሞተ ወዲህ ጀልባ ላይ እግሯን አንስታ ስለማታውቅ ለሃያ ሰባት ዓመት አልተያዩም፤ በስልክ ብቻ ነው። ደወለ። የዚያ አገር ስልክ ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል። በመኪና እንዳይሄድ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። የቀረው ውኃው ነው።

ኅዳር ሁለት፣ አርባው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ነጠላውን ተከናንቦ ተነሣ።

«ጎርጎራ ስለት አለብኝ» አለ።

«አሁን? ተዝካሩ እየደረሰ?» አለች እናትዓለም። «ኧረ አባዬ፣ በዚህ ቀን የት ይሄዳሉ!»

«በሰባት እመለሳለሁ። ለእናትሽ ነው።» ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይህች ብቻ ነበረች።

እህልና ሲሚንቶ በጫነች ጀልባ ተሳፈረ። አርባ ዓመት መሪ የያዘ ሰው በከረጢት መካከል ተቀመጠ። ኪዲን ያወጣበት ቦታ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ቁንዝላ አደሩ፤ ያች ቤት ፈርሳ ቦታዋ ላይ በቆሎ ተዘርቷል። በማግስቱ ጎርጎራ ገቡ። በሦስተኛው ቀን በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሩ፣ ቆላ ድባ ደረሰ።

እማሆይ አንጓች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ባለች አንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸው ግን አንዲት ቃል አያመልጠውም።

«ማነው?»

«የፀሐይወርቅ ባል ነኝ፣ ከባሕር ዳር።»

«ገብረ መስቀል!» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እሰይ፣ እሰይ! መጣህልኝ? ግባ ልጄ። እሷስ? ውኃውን ፈርታ ቀረች?»

ጊዮርጊስ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ገብረ መስቀል የእሱ የክርስትና ስም ነው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ፣ ድፍን ሠላሳ ዓመት፣ በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም።

«ስሜን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ ሚስትህ ናት እንጂ! በየዓመቱ ለመስቀል ሰባት ጧፍ ትልክልኛለች፣ ገብረ መስቀልን በጸሎት አስቢልኝ እያለች። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት በስምህ ሳበራ። ባገባችህ ማግስት ነው እናትህን የጠየቀቻቸው። ስሙን ሳላውቅ እንዴት እጸልይለታለሁ አለችኝ፤ ዛሬም ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ አለ።»

ጧፉን ወደብ ድረስ የተሸከመው እሱ ነበር። ምን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚበራ፣ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

መርዶ ወግ አለው። ማለዳ ነው የሚነገር፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው ተደግፎ። ጊዮርጊስ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ መንገድ ላይም እንዴት እንደሚያደርገው ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ያ ስም ግን አናወጠውና ይዞት የመጣው ጥያቄ አመለጠው።

«እማሆይ፣ የፀሐይወርቅን የክርስትና ስም ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

የተዘረጋው እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ። 

«መቼ ሞተች?» አሉ።

በሕይወት ላለች ሚስቱ ስም ሐይቅ አቋርጦ የሚመጣ ባል የለማ። «መስከረም ሃያ ዘጠኝ» አላቸው። እማሆይ «ልጄን! ልጄን! እኔን አሮጊቷን አስቀምጦ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ጎረቤት እየሮጠ መጣ። እስከ እኩለ ቀን ተለቀሰ። ጊዮርጊስም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንጀቱ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ ያለቀሰው እፍረቱን እየደበቀ ነበር።

ሰው ሲበተን እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «በምን ስም ቀበራችኋት?» አሉት። ነገራቸው። ዓይናቸው ስለማያይ ይሁን እንጃ፣ ለእሳቸው መናገሩ ቀለለው። አልጮሁበትም።

«እስቲ ስለ ልጄ የምታውቀውን ንገረኝ» አሉ።

«ጧፍ ትሠራለች።»

«እሱንማ ገበያተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሌላስ?»

«ዓሣ ትወዳለች። እሷ ስትጠብሰው ልዩ ነው፣ በሎሚ አድርጋ…»

«ዓሣ!» አሉ እማሆይ። «ኪዲን ያ ውኃ ከበላው ወዲህ የዚያን ውኃ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም። ልጄን የበላ ውኃ ያሳደገው አይወርድልኝም አለችኝ። ለአንተ እየጠበሰች፣ ሽታው ሲገለብጣት ጓሮ እየወጣች ታስታውክ ነበር። አልነገረችህም?»

አልነገረችውም። እሱ ሲበላ ከፊቱ ትቀመጥና «እኔ ቀድሜ ቀምሻለሁ፣ አንተ ብላ» ትለው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት።

«ሌላስ?» አሉ እማሆይ።

ጊዮርጊስ አሰበ። ሸሚዙን እንዴት እንደምታጥፍለት ያውቃል። ሲያመሽ ሳትተኛ እንደምትጠብቀው ያውቃል። እግሩን ሲያመው ቅባት እንደምታሸው ያውቃል። ያን ጊዜ ገባው፤ የሚያውቀው ሁሉ ስለ ራሱ ነው። ስለ እሷ አንድም የለውም። አቀረቀረ።

እማሆይ ግን አወሩለት። እናቷ በወሊድ እንደ ሞቱ፣ በሰማንያ ቀኗ እሳቸው ራሳቸው፣ ያኔ የሃያ ዓመት ሴት ሆነው፣ አቅፈው ክርስትና እንዳነሷት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ባሕር ዳር ለማታውቀው ባለ ጀልባ ስትዳር እስከ ጎርጎራ እየሳቀች ሄዳ ውኃው ዳር ስትደርስ እንዳለቀሰች። ኪዲ የሞተ ሰሞን ለስድስት ወር ቃል አልወጣ ብሏት እንደ ነበር። እናትዓለምን ከዚያ ሰም ባገኘችው እንዳስተማረች። ርሆቦት የተወለደች ጊዜ በስልክ «አንጓችዬ፣ እንደገና ወለድሁ» እያለች እንደ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ የሳቀችው ሳቅ ሁሉ በዚያች ልጅ ነበር።

«ስሟን ለምን አልነገረችኝም?» አለ ጊዮርጊስ። ድምፁ ወደ ቁጣ ያዘነበለ ነበር፤ ሰው ሲጨንቀው የሞተንም ይቆጣል።

«እኔም ይኸንኑ ጠይቄያት ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? እኔ ስሙን ጠይቄ ነው ያወቅሁ። እሱም አንድ ቀን ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ፤ እስቲ ልጠብቀው አለች። ዓምና ደግሞ እንዲሁ ስናወራ ጠየቀሽ ወይ ብላት፣ አይ አንጓችዬ፣ እንግዲህስ ቄሱ ሲጠይቁት ነው የሚያስታውሰኝ ብላ ሳቀች።»

ጊዮርጊስ መሬት መሬቱን አየ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእሱ የተተረተ መሰለው።

«እማሆይ፣ ይንገሩኝ።»

«አጸደ ማርያም ናት» አሉ። «አጸደ ማርያም። በል እንግዲህ በአፍህ በለው፣ እንዳትረሳው።»

«አጸደ ማርያም» አለ። ከባድ ነበር። ሃምሳ ዓመት አብሯት ኖሮ አንዴም ያልጠራት ስም ነው።

ኅዳር አምስት ጎርጎራ ተመለሰ። ጀልባዋ ቆማለች። «ናፍጣ የለም» አሉት። ስድስት ሆነ። ናፍጣው ሲገኝ «ዛሬ ውኃ ላይ መንቀሳቀስ አይቻልም ተብሏል» አሉት። ማን እንዳለ ጠየቀ፤ ተብሏል ነው እንጂ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰባት ሆነ። ስልኩ ድንጋይ ነው። ዳርቻው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ዋለ፤ የራሱ ጀልባ ቢሆን በደከመ ዓይኑም ነድቶ ይሄድ ነበር።

ኅዳር ስምንት ማለዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውኃውን ሲያይ፣ በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር ምን እየሆነ እንደ ነበር አንድ በአንድ ያውቃል። ቅዳሴው አልቋል። ካህናቱ መቃብሩን ከበውታል። ድንጋዩ ተገልጧል። ቄስ ቃለ ሕይወት «ነፍሰ አመትከ ወለተ ኪዳን» እያሉ ነው። እናትዓለም በሩን በሩን እያየች ነው። ትክክለኛው ስም ደግሞ ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ከአንድ ሽማግሌ አፍ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጊዮርጊስ ስሙን ብቻውን ሰባት ጊዜ ጠራው። የሚሰማ ካህን አልነበረም። ከዚያ አለቀሰ፣ ሰው እያየውም አላፈረም።

ጀልባዋ ባሕር ዳር የገባችው ኅዳር ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤት ሲደርስ ዳሱ እየፈረሰ ነበር። ጎረቤት ሰላምታውን በሩቁ ሰጠውና ፊቱን አዞረ፤ የሚስቱን አርባ ጥሎ የሄደ ባል ምን ይባላል? «እናትዓለም መቃብር ሄዳለች» አሉት። እሱም ወደዚያው ሄደ።

እናትዓለም ከርሆቦት ጋር ድንጋዩን በጨርቅ እያበሰች ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ደኅና ገቡ ወይ አላለችውም።

«አራት ጊዜ ጠየቁኝ» አለች። «ጋሽ ጊዮርጊስ የታሉ እያሉ። ምን ልበላቸው?»

አልተቀመጠም። እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ቀብሩ ላይ የዋሸውን፣ ድንጋዩን አይቶ «ጥሩ ነው» ያለውን፣ ስለቱ ስለት እንዳልነበረ፣ ቆላ ድባን፣ ዓሣውን፣ እማሆይ አንጓች የነገሩትን፣ ፀሐይወርቅ እስኪጠይቃት ስትጠብቅ እንደ ኖረች። ምንም አላስቀረም። እናትዓለም ጨርቁን እንደ ያዘች ሰማችው። ርሆቦት አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች።

«አርባ ቀን ሙሉ ለአያቴ ነው የጸለይነው?» አለች እናትዓለም።

«አጸደ ማርያም ናት። አሁን አውቄዋለሁ። የሰማንያ ቀኗ ተዝካር አለ፣ ሙት ዓመቷ አለ። ለቄሱ እኔው ራሴ እነግራለሁ። ድንጋዩንም አስፍቀን…»

«የእኔንስ?» አለችው።

«ምን?»

«የእኔን የክርስትና ስም። ነገ እኔ ብሞት ቄሱ የሚዞሩት ወደ እርስዎ አይደለም?»

ጊዮርጊስ አፉን ከፈተ። ክርስትናዋን ያስታውሳል። የታረደውን በግ ያስታውሳል፣ የተጠራውን ሰው ያስታውሳል፣ ጠላው ጥሩ እንደ ነበር ያስታውሳል። ስሙ የለም። ወደ ርሆቦት አየ፤ የእሷም የለም። ኪዲ የተቀበረ ጊዜም ለቄሱ ስሙን የተናገረችው ፀሐይወርቅ ናት፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ አልያዘውም። የቤቱን ስም ሁሉ ተሸክማ የኖረችው እሷ ነበረች፣ ይዛውም ወረደች።

«አላውቅም» አለ።

ይህችን ቃል መስከረም ላይ ቢላት ኖሮ!

«ንገሪኝ፣ ልጄ» አለ ቀጥሎ። «እየጠየቅሁሽ ነው።»

እናትዓለም ጨርቁን አጣጥፋ ያዘች፣ የልጇን እጅ ጨበጠች።

«እማዬ ሃምሳ ዓመት ጠብቃዎት ነበር» አለች። «እርስዎም ጥቂት ይጠብቁ።»

ከርሆቦት ጋር ወደ በሩ ሄዱ። ጊዮርጊስ ከድንጋዩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠና የእናቱን ስም በመዳፉ ሸፈነው።